መጁን ማን ይዞት ነበር?

ሰሞኑን ወዳጆቼ ከአዲስ አበባ የባህል ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ጋበዙኝ። መግቢያው ላይ አንድ የድንጋይ ወፍጮ ከነመጁ ተቀምጧል። ዙሪያውን አበባ ተተክሎለታል፤ ገቢ ወጪው አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ወዳጆቼ «አይ የድሮ ነገር! አያቶቻችን እኮ በልተው አለፉ!» ተባባሉ። እኔ ግን ወፍጮውን ሳይ አክስቴ ትዝ አለችኝና ዝም አልኩ።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜ ለአዲስ ተማሪዎች «የልጅነት ትዝታ» የሚል ድርሰት እሰጥ ነበር። ገጠር አያት ያለው ሁሉ የሚጽፈው ያው ነው፤ ጭስ የጠገበ ጎጆ፣ በቅል የቀረበ እርጎ፣ ከጓሮ የተቀጠፈ እሸት፣ «ብላ እንጂ ልጄ» የምትል አያት። በበዓል ሰሞን ጋዜጣ ላይ የሚወጡት ጽሑፎችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ቋንቋቸው ያምራል፤ ሆድ ያባባሉ። ጉድለታቸው አንድ ነው፤ ምግቡ ሁልጊዜ ተሠርቶ አልቆ ነው የሚቀርበው። ማን አረመው? ማን ወቃው? ማን ፈጨው? አይነገረንም። አያትየዋም ከማጉረስ በቀር ሥራ ያላት አትመስልም።

ሌላውን ብቻ ልወቅስ አይደለም፤ እኔም ጽፌያለሁ። በ1970ዎቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጎጃም አያቶቼ ዘንድ እላክ ነበር። የዚያን ቤት ድፎ ዳቦ፣ ቅቤና እንቁላል እያነሳሁ አንድ ጊዜ ጋዜጣ ላይ አወጣሁ። ብዙ ሰው ወደደልኝ። አክስቴ ለሕክምና እኛ ቤት በመጣች ጊዜ፣ ማንበብ ስለማትችል፣ ኩራት ቢጤ ይዞኝ አነበብኩላት። ጋቢዋን አፏ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣

«ጥሩ ነው ልጄ። ግን እኔ የት ሄጄ ነው?» አለችኝ።

አፈርኩ። ድፎው አለ፣ ቅቤው አለ፣ የአባባ በሬዎች እንኳ ከነስማቸው አሉ። እሷ የለችም። «መጁን ማን ይዞት ነበር?» ስትል ቀጠለች። ወፍጮ ቤቱ ሩቅ ስለነበር ዶሮ ሳይጮህ ተነስታ የምትፈጨው እሷ ናት። ከሁሉ የከበደኝ ደግሞ የሚከተለው ነው። «እንቁላሉ እኮ ለጨውና ለጋዝ የሚሸጥ ነበር። አንተ ስትመጣ እናቴ ‹እንግዳ አለ፣ አትሽጪው› ትለኛለች። ጋዙ ሲያልቅ በጨለማ እፈጫለሁ። ነሐሴ ላይ እኛ ጎመን ነበር የምንበላው።»

እስቲ አስቡት። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነው። ክረምት ደግሞ አሮጌው እህል ከጎታው የሚያልቅበት፣ አዲሱ ገና ያልደረሰበት ወቅት ነው። እኔ የጥጋብ አገር ያልኩት፣ ለካ የዚያን ቤት የችግር ወር ኖሯል። የበላሁት ከሌላው አፍ የተረፈ ሳይሆን የተቀነሰ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በዚህ በኩል ከእኛ እጅግ የተሻሉ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ጎጃምን በፍቅር የሚያይ መጽሐፍ ነው። ሆኖም ከጌታው ገበታ ጀርባ ያለውን ገበሬ አይረሳም። ፊታውራሪ መሸሻ ከተለመደው በላይ ሲጠይቁ ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት ያምጻሉ። ማዕዱ የሰው ድካም መሆኑን ደራሲው ያውቃሉ። እኛ በትዝታ ስም ይህን ከገበታው ላይ አንስተን ጣልነው።

የዛሬው ፋሽን ደግሞ «ያኔ ምግቡ ማዳበሪያ አያውቅም፣ ጤና ነበር» ማለት ነው። ጣዕሙን አልክድም፤ የሀበሻ እንቁላል ከፈረንጁ የሚወደደው በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ጓያም ማዳበሪያ አያውቅም። ድርቅ ስለሚችል በክፉ ቀን የሚደረስለት እህል ነው፤ ለወራት ዋና ምግቡ ያደረገውን ሰው ግን እግሩን ሽባ ሊያደርገው ይችላል። የ1977ቱ ረሃብም ብዙ ገበሬ ማዳበሪያ በማያውቅበት በዚያው ዘመን የደረሰ ነው። እርሻ ዝናብን ሲጠብቅ ጣዕም ብቻ አይደለም የሚያመርተው፤ ስጋትም ያመርታል።

ታዲያ ትዝታ ይቅር? በፍጹም! ድፎው ይጣፍጥ ነበር፤ እዚህ ላይ አልዋሸሁም። ግን የእንግዳ ትዝታ መሆኑን እንወቀው። እንግዳ ምጣዱን አያይም፤ እንጀራውን ነው የሚያየው። አያቶቻችንን የምናከብረው ቤታቸውን ገነት በማስመሰል ሳይሆን፣ ያለ ገነት እንዴት እንዳጎረሱን በመናገር ይመስለኛል።

አክስቴ ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ያንን ጽሑፍ እንደገና ለመጻፍ ተቀመጥኩ። አሁን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ መጁን ይዛ ጎንበስ ብላለች። ርዝመቱ ግን እጥፍ ሆነብኝ። ጋዜጣው «ቦታ የለንም» ቢለኝ አይገርመኝም፤ ለእሷ ቦታ መንፈግ የጀመርኩት እኔ ነኝ።