የቦታ ስፋትና የዛፍ ዓይነት ብዛት፤ በአንድ ሕግ ላይ የቀረበ ሒስ

ከሳንጃ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚወጣ መንገደኛ በደጋው እርሻ መካከል የዛፍ ክምችት ከሩቅ ሲያይ፥ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ሳይጠይቅ ያውቃል። በሳንጃ ቆላ ግን የዕጣን ዛፉና ቁርቁራው ከደብሩ ቅጽር ውጭም ይበቅላል።

የባዮሎጂ ሊቃውንት በእርሻ የተከበበውን ደን በባሕር መካከል እንዳለ ደሴት ይቆጥሩታል። ስዊድናዊው ኦሎፍ አሬኒየስ በ1921 እ.ኤ.አ. የዓይነትን ብዛት ከቦታ ስፋት ጋራ የሚያያይዝ ቀመር አቀረበ፤ ማክአርተርና ዊልሰንም በ1967 እ.ኤ.አ. የደሴቶችን ነገር በሰፊው አብራሩ። የቀመሩ ርቢ 0.25 ነው ብንል፥ ቦታው 16 እጥፍ ሲሰፋ የዓይነቱ ብዛት 2 እጥፍ ብቻ ይሆናል። ቀመሩን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው ብቻውን ፈራጅ ሲደረግ ነው።

አንደኛ፥ ቀመሩ ስንት እንጂ የትኞቹ አይልም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች 168 የእንጨት ተክል ዓይነቶች መዝግበው፥ የዛፎቹን ስብጥር በዋናነት የሚወስነው የቦታው ከፍታ መሆኑን በ2010 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። እንግዲህ የደጋው የጽድ ደንና የሳንጃው የዕጣን ዛፍ በቁጥር እኩል ቢሆኑ እንኳ፥ አንዱ የሌላው ምትክ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛ፥ ስፋት ሁሉ አንድ አይደለም። ነፋስና ከብት ከዳር 20 ሜትር ይገባሉ እንበል። ጎኑ 100 ሜትር በሆነ አራት ማዕዘን ደን ውስጥ ሳይነካ የሚቀረው ከመቶ 36 እጅ ነው፤ ጎኑ 400 ሜትር በሆነው ግን 81 እጅ ይቀራል። ስፋቱ በ16 እጥፍ ቢበልጥ፥ ያልተነካው መሐል በ36 እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው።

ሦስተኛ፥ ዛፍ ረጅም ዕድሜ አለው። ቆጣሪው ሽማግሌውን ዝግባ እንደ አንድ ዓይነት ይመዘግበዋል፤ ከሥሩ ችግኝ ከሌለ ግን የቆጠረው የሚያልፈውን እንጂ የሚኖረውን አይደለም። ከላይ የተጠቀሰው ጥናትም የከብት ግጦሽ የደኑን አቋምና መተካካት እንደሚጎዳ ገልጿል።

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። በቀመሩ መሠረት የደን እኩሌታ ቢጠፋ ከዓይነቶቹ ከመቶ 84 ያህሉ ይቀራሉ። ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያስ ጉዳቱ ትንሽ ነው» ብሎ ምሣር ቢያነሣ ምን እንመልስለታለን? ዳያመንድ በ1975 እ.ኤ.አ. አንድ ትልቅ ጥብቅ ቦታ ከብዙ ትናንሾች ይሻላል ቢል፥ ሲምበርሎፍና አቤሊ በዓመቱ ንድፈ ሐሳቡ ይህን ለመወሰን እንደማይበቃ መለሱለት። በኛ አገር ደግሞ ከቆላ እስከ ደጋ የተበተኑ ትናንሽ ደኖች በአንድነት ብዙ ዓይነት ይይዛሉ። ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናትና ከምእመናን ጋራ የድንጋይ ካብ ማሠራታቸው ስለዚህ የሚያስመሰግን ነው፤ ካብ ስፋት ባይጨምርም ችግኝን ከከብት ያድናል።

ስለዚህ ጓደኞቼ ወደ መስክ ስንወጣ በእኩል መደብ እንቁጠር፤ ከፍታውን እንጻፍ፤ ችግኙንም ከትልቁ ዛፍ ለይተን እንመዝግብ። በሳንጃ ደግሞ ከቅጽሩ ውስጥም ከውጭም እንቁጠር፤ ደብሩ ደሴት መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።