የሙያ ቃል በአዳዲስ የምርምር መጻሕፍት፤ «ሥጋ ደዌ» ለአብነት

የምርምር መጽሐፍ በዐማርኛ ታትሞ ሲወጣ ሐያስያን አዘውትረው የሚመዝኑት የደራሲውን ሐሳብ፣ ያቀረበውን ማስረጃና የአጻጻፉን ሥርዐት ነው። የሙያ ቃላቱ በምን መንገድ እንደ ተመረጡ፣ ከመጽሐፉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንድ ፍች ይዘው መዝለቃቸውና ሌላው ባለሙያ ከሚገለገልባቸው ቃላት ጋር መስማማታቸው ግን እምብዛም አይጠየቅም። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ጥያቄው ከሒስ ውጭ መቅረቱ ምን ጉዳት እንደሚያስከትል ማሳየት ነው። ለዚህም በአንድ በሽታ ስም ዙሪያ የተሰበሰቡትን ቃላት ወስደን በሰብአዊ ጥናት፣ በትምህርትና በሳይንስ መጻሕፍት የሚገጥማቸውን እንመለከታለን።

አብነቱ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር የሚገኘው አለርት በ1958 ዓ.ም. የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ተቋቋመ። ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በዚያው ግቢ ይሠራል። ተቋሙ የተሰየመው የበሽታውን ባክቴሪያ በ1873 እ.ኤ.አ. ባገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። የምርምሩ ውጤት በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ ሕመምተኛውና አስታማሚው ግን ስለ በሽታው የሚሰሙት በዐማርኛና በሌሎች ያገር ቋንቋዎች ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ የሙያ ቃል ነው፤ ድልድዩ ሲናጋ የሚወድቀውም ሕመምተኛው ነው።

ለዚህ በሽታ ዐማርኛ ሦስት ስሞችን ሲያፈራርቅ ቈይቷል፤ እነርሱም «ለምጽ»፣ «ቁምጥና» እና «ሥጋ ደዌ» ናቸው። ሦስቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሊተካኩ የሚችሉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አይተካኩም። «ለምጽ» በኦሪት ዘሌዋውያን በሰው ቆዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በልብስና በቤት ግድግዳ ላይም የሚወጣ ነገር ነው። ልብስና ግድግዳ ግን ሐንሰን ባገኘው ባክቴሪያ አይታመሙም። በዛሬው ዐማርኛ ደግሞ «ለምጽ» የሚባለው የቆዳው ቀለም በቦታ በቦታ የሚጠፋበትና ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ ሌላ ሕመም ነው። የጥንት ጽሑፍ የሚያጠና የታሪክ ወይም የሥነ ጽሑፍ ሊቅ «ለምጽ» የሚለውን ቃል ባገኘበት ሁሉ «ሥጋ ደዌ» ብሎ ቢተረጕም፣ ምንጩ የማይናገረውን የሕክምና ምርመራ በምንጩ አፍ አስገብቷል ማለት ነው።

ከዚህ የረቀቀ ስሕተት የሚፈጠረው ከግእዝ በሚተረጐሙ ጽሑፎች ነው። በግእዝ «ደዌ ሥጋ» ማናቸውም የሰውነት ሕመም ሲሆን አቻ ተቃራኒው «ደዌ ነፍስ» ነው። ግእዝ ባለቤቱን አስቀድሞ ዘርፉን ያስከትላል፤ ዐማርኛ ግን ዘርፉን ያስቀድማል። ስለዚህ ተርጓሚው የቃላቱን ተራ ብቻ ለውጦ «ሥጋ ደዌ» ቢል፣ አጠቃላይ የነበረው ሐረግ የአንድ በሽታ ስም ይሆናል። ስለ ልዩ ልዩ ሕመም ፈውስ የሚተርክ ገድልም ስለ አንድ በሽታ ብቻ የሚናገር ይመስላል። «የሰውነት ሕመም» ወይም «የሥጋ ሕመም» ማለት ችግሩን ያስወግዳል። በዚህ ላይ የማይቈም ሐያሲ የትርጕሙን ውበት ቢያመሰግንም ፍሬውን አልመረመረም።

በትምህርት መጻሕፍት ዋናው እንቅፋት «ሕዋስ» የሚለው ቃል ነው። በጥንቱ ፍች «አምስቱ ሕዋሳት» ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ ናቸው። የዘመናችን የሥነ ሕይወት መጽሐፍ ደግሞ «ሕዋስ» የሚለው የሕያዋን ፍጥረታት የመጨረሻውን ትንሽ የአካል ክፍል ነው። በሌላ ርእስ ሁለቱ ፍችዎች ተራርቀው ይኖሩ ይሆናል፤ በሥጋ ደዌ ርእስ ግን ፊት ለፊት ይጋጫሉ። ባክቴሪያው ነርቭን የሚሸፍኑ ጥቃቅን ሕዋሳትን ያጠቃል፤ በዚህም የተነሣ ሕመምተኛው የመዳሰስ ስሜቱን ያጣል። እንግዲህ «በሽታው ሕዋሳትን ይጐዳል» የሚል ዐረፍተ ነገር ያነበበ ተማሪ የቱን ይረዳ? መንሥኤውና ውጤቱ በአንድ ቃል ስለ ተጠሩ የሳይንሱ ሐተታ ይድበሰበሳል። መፍትሔው አዲስ ቃል መፍጠር አይደለም፤ ለአንደኛው «የስሜት አካል»፣ ለሌላው «ሕዋስ» ብሎ ወስኖ በዚያው መጽናት ነው።

በሳይንስ መጻሕፍት ደግሞ «ቁምጥና» ሊመረመር ይገባል። ቃሉ የጣትን መቈረጥና ማጠር ያመለክታል። የጣት መጕደል ግን የበሽታው ባሕርይ ሳይሆን ሕክምናው ሲዘገይ የሚከተል ጉዳት ነው፤ ስሜት ያጣ እጅ እሳትና ስለት ሳያውቀው ስለሚቈስል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ1981 እ.ኤ.አ. ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን የተባሉት መድኃኒቶች በቅንጅት እንዲሰጡ ካሳሰበ በኋላ በሽታው በስድስት ወይም በዐሥራ ሁለት ወር ሕክምና የሚድን ሆኗል። ስለዚህ «ቁምጥና» ሰውን ከማዋረዱም በላይ ሐሰተኛ የሙያ ቃል ነው፤ የሚከላከሉትን ውጤት የማይቀር ዕጣ አድርጎ ይሰይማልና። ታክሞ የዳነውንም ሰው ዘወትር «ታማሚ» እያሉ መጻፍ ከዚሁ ስሕተት የሚመደብ ነው።

«ዘር» የሚለው ሥርም ጥንቃቄ ያሻዋል። ብዙ ሰው በሽታው በትውልድ የሚወረስ ይመስለዋል፤ ይህም እምነት ጋብቻን እስከ መከልከል የደረሰ ነው። እንግዲህ የባክቴሪያው «ዘረመል» ተጠና የሚል መጽሐፍ፣ የተጠናው የተሐዋሲው እንጂ የሕመምተኛው ዘር አለመሆኑን በግልጽ ካላስረዳ፣ ሊያፈርሰው የተነሣውን እምነት ያጸናል። እንዲሁም «የሳንባ ነቀርሳ» የቲቢ ስም ሆኖ ሳለ «ነቀርሳ» ለካንሰርም ይነገራል። «የሳንባ ካንሰር»ን «የሳንባ ነቀርሳ» ብሎ የተረጐመ ሰው አንዱን በሽታ በሌላው ለውጧል።

በዚህ ላይ የሚነሣ መቃወሚያ አለ። ደራሲ ቃል የመምረጥ ነጻነት ከሌለው ቋንቋ አያድግም፤ ቃላት በመገልገል እንጂ በአዋጅ አይጸኑም ይባላል። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ነጻነቱ ያለ ማስረዳት ሊሆን አይገባም። በ1964 ዓ.ም. ለዐማርኛ የተቋቋመውና ኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሆነው ድርጅት ከደከመባቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው የሙያ ቃላት ጕዳይ ነበር። በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት፣ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ አማርኛ መዝገበ ቃላት ለአንባቢ ደርሰዋል። መዝገበ ቃላት ግን በየዓመቱ አይታተምም፤ ሳይንሱም ቆሞ አይጠብቀውም። በመካከሉ የመዝገበ ቃላቱን ሥራ የሚቀጥለው እያንዳንዱ አዲስ መጽሐፍ ነው።

ስምን መለወጥ ብቻውን በሽታን እንደማያድን የታወቀ ነው። ቢሆንም ብራዚል በ1995 እ.ኤ.አ. በሕግ በመንግሥት ጽሑፎች ሁሉ ጥንታዊው ስም ቀርቶ ከሐንሰን ስም የወጣው እንዲተካ አድርጋለች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2010 እ.ኤ.አ. በሥጋ ደዌ ምክንያት በሰዎች ላይ የሚደርሰው አድልዎ እንዲቀር የወጡትን መመሪያዎች ተቀብሏል። ለዐማርኛ «ሥጋ ደዌ»ን ጥሎ የባዕድ ስም ማምጣት አስፈላጊ አይመስለንም። ቃሉ በሕክምናው ዘርፍ ሥር ሰዷል፤ ሰውንም አይሰድብም። የሚያስፈልገው ድንበሩን ማስከበር ነው።

ከዚህ በመነሣት ለሐያስያንና ለአሳታሚዎች ሦስት ነጥቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ማንኛውም የምርምር መጽሐፍ በመጨረሻው የሙያ ቃላት መፍቻ ይኑረው፤ መፍቻውም አቻ ቃል ከመደርደር አልፎ ፍችውን ይስጥ። ሁለተኛ፣ ደራሲው ከተለመደው ቃል ሲለይ ምክንያቱን በመቅድሙ ይግለጥ። ሦስተኛ፣ ሐያሲው መጽሐፉን ሲመዝን ቢያንስ ዐሥር ዋና ዋና ቃላትን መርጦ ከምዕራፍ ምዕራፍ ይከታተል፤ ያገኘውንም ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ያስተላልፍ።

እነዚህ ቢፈጸሙ የዘነበወርቁ ሐኪም የሚናገረው፣ የመማሪያ መጽሐፉ የሚያስተምረውና የታሪክ ሊቁ የሚጽፈው አንድ በሽታ በአንድ ስም ይጠራል። ያን ጊዜ ሕመምተኛው ስለ ራሱ የተጻፈውን አንብቦ ሊረዳው ይችላል።