አዲስ ፋይል ወደ ጊት ማስገባት

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊኑክስ ከርነል ሥራ የጻፈው ጊት፣ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠን አዲስ ፋይል በራሱ አይመዘግብም። «ጊት ስታተስ» ሲባል ፋይሉ ክትትል ከሌላቸው ጋር በቀይ ይዘረዘራል። «ጊት አድ» ተብሎ ስሙ ሲጻፍለት ደግሞ ለቀጣዩ ኮሚት (ምዝገባ) ከተዘጋጁት ተርታ በአረንጓዴ ይገባል።

ጊት በዚህ ጊዜ የፋይሉን ይዘት እንዳለ ጨምቆ በስውር ፎልደሩ ውስጥ ያኖራል፤ ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣ፣ በተለመደው አሠራር 40 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያም ይሰጠዋል። ኢንዴክስ የሚባለው መዝገብ የፋይሉን ስም ከዚህ መለያ ጋር ያያይዛል። እንግዲህ የገባው የዚያ ሰዓት ይዘት ነው። «ክፍያ» የተባለ ፋይል ከገባ በኋላ አንድ መስመር ቢታረምና ኮሚት ቢደረግ፣ የሚመዘገበው ያልታረመው ነው። ከኮሚቱ በፊት ስታተስን ያየ ሰው «ክፍያ»ን ሁለት ቦታ ያገኘዋል፤ አንዴ በአረንጓዴ፣ አንዴ በቀይ። ይህ ሰብቨርዥን ከተባለው ተመሳሳይ ሥርዓት ለመጡ ሰዎች እንግዳ ነው፤ እዚያ አድ ፋይሉን ለቀጠሮ ብቻ ይይዘዋል፣ ይዘቱ የሚወሰደው ኮሚት ሲደረግ ነው።

ባዶ ፎልደር ጊት አይመዘግብም። ፎልደሩ እንዲቆይ የሚፈልጉ ባለሙያዎች «ጊትኪፕ» የሚባል ባዶ ፋይል ያስቀምጡበታል፤ ስሙ ልማድ እንጂ የጊት ደንብ አይደለም።

ብዙ ጥፋት የሚመጣው ከ«ጊት አድ ነጥብ» ነው። ይህ ትእዛዝ ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያግበሰብሳል፦ የዳታቤዝ ቅጂውን፣ ከኢንተርኔት የወረዱትን ላይብረሪዎች፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የይለፍ ቃል የያዘውን ፋይል። ስለዚህ ጊት እንዲያልፋቸው የሚፈለጉ ፋይሎች የሚዘረዘሩበት፣ ጊትኢግኖር የተባለው ፋይል ከመጀመሪያው ኮሚት በፊት ሊጻፍ ይገባል። ዘግይቶ ቢጻፍ ቀድሞ የተመዘገበውን አያስቀርም፤ ያን «ጊት አርኤም» ከ«ካሽድ» ምርጫ ጋር ከክትትል ያወጣዋል። አዲስ ፋይሎችን በስም እየጠሩ ማስገባት ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል፤ እያንዳንዱን ፋይል ለማየት ግን ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የለም።

ስህተቱ ኮሚት ሳይደረግ ከታወቀ «ጊት ሪስቶር ስቴጅድ» ይመልሰዋል። ኮሚቱ ወደ ጋራ ሰርቨር ከተላከ በኋላ ግን ፋይሉን መሰረዝ ከታሪኩ አያጠፋውም። ታሪኩ እንደ አዲስ ቢጻፍም ቀድሞ በሌሎች ኮምፒውተር ላይ የወረደው ቅጂ አይጠፋም። በዚህ መንገድ የወጣ የይለፍ ቃል ሳይውል ሳያድር መቀየር አለበት።