ያልተጠየቁት ሕፃናት

ሕፃናት በሌላ ሰው የትምባሆ ጭስ የሚደርስባቸው ጉዳት በአገራችን አንዳንድ ጊዜ የሚመዘነው ሕፃናቱን በማያካትቱ ጥናቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የተካሄደው የወጣቶች ጥናት ከ13 እስከ 15 ዓመት የሆኑ ተማሪዎችን፣ በ2016 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ደግሞ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑትን ብቻ ጠይቋል። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ምድጃ ዳር የሚውለው ሕፃን ከሁለቱም ውጭ ነው።

ሁለተኛው ጥናት የትምባሆ ተጠቃሚውን 5 በመቶ ማድረጉ የሚያጽናና ይመስላል፤ ሆኖም አጫሹ ጥቂት ቢሆንም አብሮት የሚተነፍሰው ቤተሰብ ብዙ ሊሆን ይችላል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ዝግ ሥፍራዎችና በሥራ ቦታ ማጨስን ቢከለክልም፣ ጥበቃው ከግል መኖሪያ ደጃፍ አያልፍም።

የቤተሰብን ማኅበራዊ ሁኔታ በገቢና በትምህርት ደረጃ ብቻ መግለጽም አይበቃም። በደጋው ብርድ በሩ ሲዘጋ፣ ማብሰያና መኝታ ባልተለዩበት ጎጆ የትምባሆው ጭስ ከማገዶና ከኩበት ጭስ ጋር ይቀላቀላል። ማጨስ እንደ ነውር በሚታይበት አካባቢም መልሱ ሊሸሸግ ይችላል። ስለዚህ ሳል ይዞት የመጣ ሕፃን በታየ ቁጥር ማን፣ የት እንደሚያጨስ፣ ሕፃኑም የት እንደሚተኛ ያለ ወቀሳ መጠየቅ ይገባል።