እሳቱ ብቻውን አልሠራውም

ስለ ቢዜን ሸክላ የሚጻፈው ነገር ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል፦ «ሠዓሊው እሳቱ ነው»። አባባሉ ደስ ይላል። ግን የሰው ልፋት ይሰርቃል ባይ ነኝ።

ቢዜን ጃፓን፣ ኦካያማ ውስጥ ያለ ጥንታዊ የሸክላ አገር ነው። ዕቃው ቅብ አያውቅም። መልኩን የሚያገኘው ከጭቃው፣ ከአመዱና ከነበልባሉ ነው። እቶኑ በቀይ ጥድ እንጨት ቀን ከሌሊት ይማገዳል፤ ብዙ ጊዜ ከአስር ቀን በላይ። ሙቀቱም ወደ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። የሚበረው አመድ ዕቃው ትከሻ ላይ አርፎ ሲቀልጥ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ይመስላል። ስሙም «ጎማ» ነው፤ የመኪናውን እርሱት፣ በጃፓንኛ ሰሊጥ ማለት ነው።

እስቲ ደግሞ «ሂዳሱኪ» የሚባለውን ቀይ ሰንበር እንየው። ድሮ ዕቃዎቹ ሲደራረቡ እንዳይጣበቁ መሃላቸው የሩዝ ገለባ ይገባ ነበር። ገለባው ሲቃጠል በውስጡ ያለው ፖታሺየም ጭቃው ውስጥ ካለው ብረት ጋር ይገናኝና ቀይ መስመር ይተዋል። ዛሬ ሠሪው ሰንበሩን ፈልጎ ገለባውን በእጁ ይጠቀልላል፤ ዕቃውንም አመድ ከማይደርስበት ያስቀምጠዋል። አጋጣሚውን ቀጠሮ አስያዘው ማለት ነው።

ታዲያ «እሳቱ ሠራው» የሚለው ወሬ ለምን እንዲህ ተወደደ? አንዱ ምክንያት ያናጊ ሶኤትሱ ይመስለኛል። ያናጊ ስም የለሹን ሠሪ አወደሰ፤ ውበት ሠሪው ራሱን ሲረሳ፣ ከእሱ ውጭ ካለ ኃይል ይመጣል አለ። እ.ኤ.አ. በ1936 ቶኪዮ ላይ ሙዚየም ተከፍቶለት፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው የድሃ ቤት ሳህን ክብር አገኘ። ለዚህ ባለውለታ ነው። ችግሩ፣ ሠሪው አያስብም ካልን፣ የትኛው ማሰሮ ከእሳቱ አፍ፣ የትኛው ከጥግ ይቁም ብሎ የወሰነውን ሰው ምን ልንለው ነው?

ቢዜን ራሷ መልስ አላት። ካነሺጌ ቶዮ የሞሞያማ ዘመን ዕቃዎችን አጥንቶ፣ የተዳከመውን አሠራር መልሶ አቆመ። እ.ኤ.አ. በ1956 መንግሥት «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» ሲል ሰየመው። የተሸለመው እሳቱ አይደለም፤ ሰውየው ነው።

እሳት ያስገርማል፣ አንዳንዴም የወራት ሥራ ሰንጥቆ ይመልሳል። ያንን ኪሳራ የሚሸከመውም ሰው ነው። እናም የቢዜን ማሰሮ ፎቶ ስታዩ «እሳቱ እንዴት ያምራል» ከማለታችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጨምሩ፦ እዚያ ቦታ ላይ ማን አስቀመጠው?