የተረሳው ሰንበት፦ የሁዳዴ የ“ውስጣዊ ዕረፍት” ስብከት ከወናጎ ሲታይ

ሁዳዴ በገባ ቁጥር አንድ ዓይነት ስብከት አብሮት ይገባል። ርእሱ “ውስጣዊ ዕረፍት” ወይም “የነፍስ ዕረፍት” ወይም “የመንፈስ መታደስ” ይባላል። በዐውደ ምሕረት ይሰማል፣ በትንንሽ መጻሕፍት ይታተማል፣ ድሮ በካሴት ይዞር የነበረው ዛሬ በስልክ ይዞራል። አካሄዱም የታወቀ ነው። ሰባኪው ከዓለም ጫጫታ ይነሣና ወደ ሕሊና ጸጥታ ያቀናል፤ ዓይን፣ ጆሮና አንደበት እንዲጾሙ ያሳስባል፤ በንስሐ ጥሪ ይዘጋል። ይህ ስብከት ከሚገባው በላይ ተመስግኗል። የተመሰገነው ለጆሮ ስለሚጥም ነው፤ ማንንም ምንም ስለማያስከፍል ጭምር ነው። ዕረፍትን ወደ ውስጥ አስገባለሁ ሲል ሰንበትን ከጾሙ አውጥቶ ጥሏል። የቤተ ክርስቲያኗ ሥርዓት ግን አልጣለውም።

ከቁጥሩ እንነሣ። ዐቢይ ጾም ለምን 55 ቀን ሆነ ሲባል ሰባክያን አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ንጉሥ ሕርቃልን ነው፤ 8 ቀን የሕርቃል፣ 40 የጌታ፣ 7 የሕማማት። ታሪኩ ጦርነት አለው፣ የተማረከ መስቀል አለው፣ ለመተረክ ይመቻል። ሌላው ስሌት ግን ከዐውደ ምሕረቱ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ኢየሩሳሌምን የተሳለመችው ኤጌርያ የከተማይቱ ጾም ስምንት ሳምንት እንደነበረ ጽፋለች። ቅዳሜና እሑድ አይጾሙም፣ ከትንሣኤ ዋዜማው ቅዳሜ በቀር፤ የቀረው ተደምሮ 41 ቀን ይሆናል። (ይህን የጻፈችው ሕርቃል ከመንገሡ ከ200 ዓመት በላይ አስቀድሞ ስለሆነ ስምንተኛውን ሳምንት ለንጉሡ ብቻ መስጠት ያስቸግራል።) የእኛም 55 ቀን በዚሁ ሚዛን ይመዘናል። በውስጡ 7 እሑድና 8 ቅዳሜ አለ፤ ቀዳም ሥዑር ስለሚጾም የቀሩት 14 ሲቀነሱ 41 ይቀራል። በእነዚህ 14 ቀናት ሥጋና ወተት አይቀመስም፤ ነገር ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የለም፣ ቅዳሴው በጠዋት ነው፣ ስግደትም የለም። ረጅሙ ጾማችን በየሳምንቱ ሁለት ቀን በሰንበት እየተቆረጠ የሚሄድ ጾም ነው። የኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ስለ ቀዳሚት ሰንበት ተሰደው፣ ጉዳዩ በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ በተቋጨባት ቤተ ክርስቲያን ይህ መዘንጋቱ ያስገርማል።

ጾመ ድጓው አልዘነጋውም። የጾሙ ሁለተኛ እሑድ ቅድስት ናት፤ ዜማዋ የሰንበትን ቅድስና ያወሳል። ምእመኑ ገና ሳይደክም፣ ጉልበቱ ገና በስግደት ሳይዝል ስለ ዕረፍት ይዘመርለታል። ዳግም ልደት የሚነገርበት የኒቆዲሞስ እሑድ ግን ሰባተኛው ነው። ዕረፍት ከፊት፣ መታደስ ከኋላ። ስብከቱ ይህን ገልብጦታል። በስብከቱ ዕረፍት የሚመጣው ታግሎ ላሸነፈ፣ እንደ ደመወዝ ነው። በቅድስት ግን ገና ምንም ያላደረገ ሰው አስቀድሞ ይቀበለዋል።

ስለ ዕረፍት ከሰማሁት ሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ደግሞ በቃል የተነገረ አይደለም። በሁዳዴ ከበሮውና ጸናጽሉ ይቀመጣሉ፤ የሚቀረው መቋሚያው ነው። የዜማ አድናቂዎቻችን ልባቸው ወረብ ላይ ስለሆነ ይህን ወቅት የዜማ ድርቅ አድርገው ያዩታል፤ ተቀርጾ የሚሸጠውም ከበሮ ያለበት ነው። ዝማሜን ቀረብ ብሎ የተመለከተ ግን እንዲህ አይልም። አገልጋዩ የመቋሚያውን አንገት ይይዛል፤ ከመሬት ጥቂት ያነሣዋል፤ ሰውነቱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ይመለሳል፣ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ እግሩ ግን ከቆመበት አይነቃነቅም። ከበሮ ቢኖር ጊዜውን የሚጠብቀው ከበሮው ነበር። እዚህ ጊዜውን የሚጠብቁት ሰውነቶቹ ናቸው። ስለዚህ ወጣቱ ዲያቆን ድምፁ ቢያምርም፣ ትንፋሹ ቢረዝምም ከአረጋዊው መሪጌታ ቀድሞ መሄድ አይችልም። የሽማግሌው ትንፋሽ የሁሉም ልክ ይሆናል። ደካማው እስኪደርስ መጠበቅ እዚህ የዜማ ሕግ ነው። በዓል ሲሆን የመደገፊያው በትር ከመሣሪያዎቹ አንዱ ነው፤ በጾም ብቸኛው መሣሪያ እርሱ ነው። ይህን ያዘጋጀው ሥርዓት ሰው ቆሞም የሚደገፍበት እንደሚያስፈልገው ያውቃል። ድጓ ከሚመሰከርበት ከጎንደሩ ቤተልሔም እጅግ በራቀ፣ አገልጋዩ በጣት በሚቆጠር የጌዴኦ አጥቢያ ይህ ሲደረግ ማየት፣ ለእኔ፣ በአንድ ታላቅ ደብር በመቶ መዘምራን ከሚቀርብ ወረብ ይበልጣል።

አሁን ወደ ዓይን፣ ጆሮና አንደበቱ። የብልቶች ጾም አሳብ ጥንታዊ ነው፤ በያሬዳዊው ዜማም በአባቶች ተግሣጽም አለ፤ ነቀፋዬ በአሳቡ ላይ አይደለም። ነቀፋዬ ዝርዝሩ ምን ጊዜም የት ላይ እንደሚቆም ነው። ዓይን ክፉ ከማየት፣ ጆሮ ሐሜት ከመስማት፣ አንደበት ከስድብ፣ እጅ ከመስረቅ ይጾማል። ጫንቃ ግን በዝርዝሩ የለም። ወገብም የለም። ሰባኪው የሚዘረዝራቸው ኀጢአት የሚሠሩትን ብልቶች ነው፤ ሸክም የሚሸከሙት አይታዩትም። ከሸክሙ ማረፍ ያለበት አካል ከስብከቱ ውጭ ቆሞ ያዳምጣል።

ወናጎ ይህን በጉልህ ያሳያል። ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው የሞያሌ መንገድ ላይ ያለችው ይህች የጌዴኦ ወረዳ በአገሪቱ ሕዝብ ተጨናንቆ ከሚኖርባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዷ ናት፤ ትንሿን ማሳ የሚያኖራት እንሰትና ቡና ከዛፍ ጥላ ሥር ተደራርበው መብቀላቸው ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሲሆን የተደነቀው ይኸው አብሮ መብቀል ነበር፤ የሚያበቅለው ጉልበት ግን በውዳሴው ውስጥ ብዙም አይታይም። ሁዳዴ የሚውለው የቡናው ለቀማ ካለፈ በኋላ፣ የበልጉ ዝናብ ጠብ ሲል ቡናው በሚያብብበት ወራት ነው። የለቀማው ገንዘብ አልቋል፤ ቤቱን የሚያበላው እንሰቱ ነው። እንሰት ሁለንተናው የጾም ምግብ ስለሆነ ሰባኪ “እናንተ እኮ ጾሙ ቀሎላችኋል” ሊል ይችላል። እስቲ ይመልከተው። ሴትዮዋ ካዘነበለው ሳንቃ ፊት ትቀመጣለች፤ የእንሰቱን ግልፋፊ ሳንቃው ላይ አስደግፋ በእግሯ ትይዘዋለች፤ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች። ቃጫው ለብቻ ይቀራል፤ ከሚወርደው ውኃ ቡላው ይዘቅጣል፤ ሥሩ ይፈቀፈቃል። ሁሉም በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባል፣ ድንጋይ ይጫነዋል፣ ሰንብቶ ተከፍቶ እንደገና ይጠቀለላል። ለመጋገር ሲወጣ ደግሞ መጭመቅ፣ መክተፍ፣ መንፋት አለ። ይህ የወንድ ሥራ አይደለም። ጾም ቅቤውን ከቆጮው ላይ ያነሣል፤ ከፋቂዋ ጫንቃ ላይ የሚያነሣው ነገር የለም።

ይህችን ሴት “ወደ ውስጥሽ ግቢና ዕረፊ” የሚላት ስብከት ቋንቋውን ያመጣው ከገዳም ነው። በመጻሕፍተ መነኮሳት ትርጓሜ ቤት ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ይነበባሉ፤ በተለይ ስለ ጽሙናና ስለ ልብ ጸጥታ ማር ይስሐቅን የሚያህል የለም። ነገር ግን ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ዓመት የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ ሹመቱን ትቶ በረሓ የገባ ሰው ነው። የጻፈውም ለባሕታውያን ነው። ባሕታዊው በሩን ይዘጋል፤ ስድስት ልጅ ያላት ሴት ምኗን ትዘጋለች? በትርጓሜ ቤት የተማሩ መምህራን ይህን ልዩነት ጠንቅቀው ያውቁታል። የሚዘነጉት ከመጽሐፉ መካከል አንድ ጣፋጭ አንቀጽ ቀንጭበው ለጉባኤ የሚያቀርቡት ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ በርክተዋል።

የመፃጉዕ እሑድ አያያዝም ከዚሁ የሚመጣ ነው። 38 ዓመት በአልጋ የኖረው ሰው በሁዳዴ ስብከት የጽናት ምሳሌ ነው፤ “ተስፋ አትቁረጡ” ተብሎ ይታለፋል። ወንጌሉ ግን ሁለት ነገር አጥብቆ ይናገራል። ሰውየው ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ያመለክታል፤ ፈውሱም በሰንበት ይሆናል፣ ጠቡም የሚነሣው ከዚያ ነው። በዚያች እሑድ ስለ ጽናት ብዙ ሰምቻለሁ፤ ስለ ረዳት ማጣትና ስለ ሰንበት የሰማሁት እምብዛም ነው። መፃጉዕ የውስጥ ጥንካሬ ያነሰው ሰው አልነበረም። ያነሰው ሰው ነው።

ሥርዓቱ ይህን ያውቃል ያልኩት በግምት አይደለም። በሲኖዶስ መጽሐፍ የሐዋርያት ተብለው ከሚጠሩት ሥርዓቶች አንዱ ሎሌዎች አምስት ቀን እንዲሠሩ፣ በቅዳሜና በእሑድ ግን ለቤተ ክርስቲያን እንዲያርፉ ያዛል፤ በሕማማት ሳምንትና ተከትሎት በሚመጣው ሳምንትም እንዲሁ። በኦሪት ዘዳግም ሰንበት የታዘዘበት ምክንያት እስራኤል ራሱ በግብፅ ባሪያ የነበረ መሆኑ ነው። ዕረፍት እዚህ ጌታው ለሎሌው የሚለቅለት ጊዜ ነው፤ የሚለካም ነው። ጾሙ ወደ ጌዴኦ በስፋት የገባው ግን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከምኒልክ ጦርና ከገባር ሥርዓት ጋር አብሮ ነው። ባለ ርስቱ ጾመ፤ ገባሩ ቡናውን ተሸክሞ ሰፈረለት። በ1952 ዓ.ም. ሚችሌ ላይ ገበሬው ያመፀው ስለ ቡናው ሲሶና እርቦ ነበር እንጂ ስለ ሃይማኖት አልነበረም፤ ሆኖም ያን የሲኖዶስ ትእዛዝ የገባሩ ጌቶች በተግባር ሰምተውት ቢሆን ኖሮ በአካባቢው የቤተ ክርስቲያኗ ስም ሌላ በሆነ ነበር። የውስጣዊ ዕረፍት ስብከት ይህን ታሪክ ለመንካት አቅም የለውም፤ ውስጥ ብቻ ስለሚያይ። በ2011 ዓ.ም. ሁዳዴ፣ ከምዕራብ ጉጂ የተፈናቀሉ በጌዴብና በአካባቢው በየመጠለያው ተጨናንቀው ረሃብ ላይ በነበሩበት ወራት፣ ባዶ ሆድ ነፍስን ያድሳል እያሉ መስበክ ምን ማለት እንደሆነ ይታሰብ። ጾም የሚበላው ያለው ሰው የሚተወው ነው። ያን ጊዜ የዕረፍት ትርጉም ድንኳን፣ ዱቄትና ወደ ቀዬ መመለስ ነበር።

በዛሬው ጌዴኦ አብዛኛው ሕዝብ ወንጌላዊ ክርስቲያን ስለሆነ የእነርሱንም ስብከት ሳልነካ ማለፍ አይገባም። ሁዳዴን አይቆጥሩም፤ ጾም ጸሎት ሲያውጁ ይጾማሉ። ዕረፍትን ከዕብራውያን መልእክት አራተኛ ምዕራፍ ይዘው ያመነ ሰው አንድ ጊዜ የገባበት ነው ይላሉ። እንደ ክርክር ካየሁት ከኦርቶዶክሱ ስብከት ይብስ ወደ ውስጥ የገባ ነው፤ ቀን የለው፣ ወቅት የለው። ግን እሑዳቸውን ሳይ ክርክሬ ይላላል። ማሳው ጭር ይላል። ስድስት ቀን እንሰት ስትፍቅ፣ እንጨት ስትሸከም የሰነበተችው ሴት ንጹሕ ነጠላዋን ለብሳ ከባሏ ጎን ትቀመጣለች፤ በጌዴኡፋ ትዘምራለች፤ እግዚአብሔርን አያቶቿ በጠሩት ስም፣ ማገኖ ብላ ትጠራለች። ግዕዙ ሊሰጣት ያልቻለውን የአፍ መፍቻ ቋንቋ ምቾት አግኝታለች፤ ይህም ከዕረፍት ይቆጠራል። ቅድስት በዜማ የምትለውን እነዚህ ቀኑን ባልቆጠሩ ሰዎች ዘንድ ሲኖር ማየት ለእኛ የሚያሳፍርም የሚያስደስትም ነው።

ይህ ግን ኮንፈረንስ እስኪመጣ ነው። ጉባኤው ቀናት ሲፈጅ፣ እንግዳው ከየወረዳው ሲጎርፍ፣ የዕረፍቱን ስብከት የሚሰሙት ከፊት የተደረደሩት ናቸው፤ ቆጮውን የሚጋግሩት ሴቶች ድምፅ ማጉያው ወደ ኩሽና የሚያደርሰውን ያህል ይሰማሉ።