ለተቅማጥ ሁሉ አንድ መድኃኒት?

«አሜባ ታየ» የሚል የምርመራ ወረቀት ይዞ ለመጣ የተቅማጥ በሽተኛ ወዲያው ሜትሮኒዳዞል ማዘዝ በአገራችን ልማድ ሆኗል። ይህን ልማድ እንነቅፋለን። ፈረንሳዊው ብሩምፕት በ1925 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተውና በ1993 እንደ ተረጋገጠው፥ በማይክሮስኮፕ መልካቸው የማይለይ ሁለት አሜባዎች አሉ፤ ሂስቶሊቲካ አንጀት ያቈስላል፥ ዲስፓር ግን አይጐዳም። ስለዚህ አሜባው ቀይ የደም ሕዋስ ውጦ ካልተገኘ በቀር፥ ወረቀቱ ብቻውን የተቅማጡን ምክንያት አያስረዳም።

ሌላም ጉድለት አለ። ሜትሮኒዳዞል የአንጀትን ግድግዳ የወረረውን አሜባ ይገድላል፤ በአንጀት ውስጥ የሚቀረውን፥ ሲስት የተባለውን ባለ ሽፋን ተውሳክ ግን አስተማማኝ ሆኖ አያጠፋም። እንደ ፓሮሞማይሲን ያለ መድኃኒት ካልተከተለው፥ ድኗል ያልነው በሽተኛ ተውሳኩን ለቤተ ሰቡ ያቀብላል።

ሕፃንን ፈጥኖ የሚገድለው የውሃና የጨው ማለቅ ነውና፥ አስቀድሞ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውሃ በጥብጦ ማጠጣት ይገባል። ሐኪሙም ከማዘዙ በፊት «ደም አለበትን?» ብሎ ይጠይቅ።